ሁልጊዜ የሚለቁት አቶ ናርዱ

በማልታ ከሦስት ሰው አንዱ የኢንተርኔት ኩባንያውን ሊለቅ ነው። የቀሩት ሁለቱ ባለፈው ሳምንት ሊለቁ ነበር፤ ቅናሽ ተደርጎላቸው ነው የቀሩት። ይህን የማውቀው ነቢይ ስለሆንኩ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የበላሁት በዚሁ ስለሆነ ነው።

አንድ ደንበኛ ደውሎ «እለቃለሁ» ያለ እንደሆነ ጥሪው ወደ እኛ ክፍል ይዞራል። የክፍላችን ስም በወረቀት ላይ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን አጭር ነው፤ እግር ይዞ ማስቀረት። አራት ሴቶችና አንድ መስኮት አለን። መስኮቱ የሚያየው የተፎካካሪያችንን መስኮት ነው፤ እዚያ የተቀመጠችው የአክስቴ ልጅ ማርቪክ ናት፤ እሷም እግር ትይዛለች። ጠዋት ጠዋት እጅ እንነሳሳና ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ስንነጣጠቅ እንውላለን። አገሩ ጠባብ ስለሆነ እኛ ዘንድ የሚለቅ ሰው ሩቅ አይሄድም፤ መንገድ ይሻገራል እንጂ።

ለቃቂ በየዓይነቱ አይቻለሁ። የሚያለቅስ አለ፤ ጠበቃ የሚጠራ አለ፤ ራውተሩን በፌስታል ጠቅልሎ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ የሚያፈርጥ አለ። የሁሉም አለቃ፣ የለቃቂዎች ሊቀ ጳጳስ ግን ክቡር አቶ ናርዱ ዘቦርምላ ናቸው።

ናርዱ ቦርምላ በምትባለው የወደብ ከተማ የመርከብ በያጅ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በመዶሻ ጩኸት መሃል ሲያወሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ሲደውሉ ስልኩ ትርፍ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሳምቡሳ መሳይ፣ አይብ የተሞላ ፓስቲትሲ ሁለት በሻይ አወራርደው፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ይደውላሉ።

«ልጄ፣ እኔ ለቅቄያለሁ። የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«አቶ ናርዱ፣ ስለ ውልዎ ልንነጋገር ነው እኮ።»

«የማን ልጅ ነሽ አልኩ።»

«የጥንቸሎቹ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። የቤተሰባችን ቅጽል ነው፤ በመዝገብ ስማችን የሚጠራን ፖስተኛው ብቻ ነው።

«እንዲያ በይኝ። አያትሽ በሰባ ሁለት የሸጠልኝ ጀልባ እስከ ዛሬ ውሃ ያስገባል።»

«ይቅርታ፣ አቶ ናርዱ።»

«ይቅርታሽ ውሃ አይቀዳም። ስንት ትቀንሺልኛለሽ?»

አምስት ዩሮ ቀነስኩላቸው። ስለ ጀልባው ይሁን ስለ ኢንተርኔቱ እኔም አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ ሲለቁ ኖሩ። አንድ ወር የለቀቁት ፊት ለፊታቸው የሚኖረው ዊስቲን የሱ ኢንተርኔት ይፈጥናል ብሎ በበረንዳ ስለፎከረባቸው ነው። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ለባንክ የሚበቃ መስመር አስገባንላቸው። በዚህ ሁሉ ፍጥነት የሚያዩት ግን የአየር ትንበያ ብቻ ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዝናቡ ጉልበታቸውን እያረጠበ፣ ዛሬ ይዘንብ እንደሆነ ያጣራሉ።

አንድ የገና ሰሞን ጭቅጭቁ ታከተኝና ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

«አቶ ናርዱ፣ ሃያ የቴሌቪዥን ቻናል በነፃ ጨምረንልዎታል።»

«ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ ደንግጠው።

«ምንም አላጠፉም። ስጦታ ነው።»

«ሳልጣላ ያገኘሁትን ምን አደርገዋለሁ? ለዊስቲንስ ምን ብዬ ልንገረው?»

መልሼ ነጠቅኳቸው። ሃያ ደቂቃ ታግለው አሥራ ሁለቱን አስመለሱና ደስ ብሏቸው ዘጉ። ያን ቀን ሰውየው የሚፈልጉት ቅናሽ እንዳልሆነ ገባኝ። የሚፈልጉት በረንዳ ላይ ወጥተው የሚተርኩት ድል ነው። ትረካው እንዳለቀ ደግሞ መንገዱ በሙሉ «ለናርዱ የሰጣችሁትን» እያለ ይደውልልናል። ሰኞን ምሳ በልተን አናውቅም።

አምና አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። ክሌይተን ይባላል፤ ብራስልስ ሦስት ቀን ሠልጥኖ ሰንጠረዥ ይዞ የተመለሰ ልጅ ነው። «በዓመት ሦስት ጊዜ እለቃለሁ ያለ ደንበኛ ይለቀቅ፤ ሰንጠረዡ እንደዚያ ይላል» አለን።

«ናርዱስ?» አልነው አራታችንም ባንድ አፍ።

«ናርዱ ማነው?» አለ። የቦርምላ ሰው አለመሆኑ ያኔ ታወቀ።

ሰኞ ደረሰ፤ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ ጮኸ። ክሌይተን ከኋላዬ ቆሟል።

«ልጄ፣ እኔ ለቅቄያለሁ። የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።»

«እሺ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እሺ ነው ያልኩት። ወረቀቱን እልክልዎታለሁ።»

የናርዱን ትንፋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። «እንዴት እሺ ትያለሽ?» አሉ። «አያትሽ እንኳ ያን ወንፊት ሲሸጥልኝ እሺ ያለኝ በስንት ልመና ነው።»

የተናገሩትን መንገዱ ሁሉ ሰምቷል፤ ስለዚህ ከመልቀቅ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ማዶ ተሻገሩ፤ ማርቪክ እጅ ወደቁ። በሁለተኛው ሳምንት ደውለው እለቃለሁ ሲሏት፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ የጠየቁትንም ያልጠየቁትንም ሰጠቻቸው። እዚያ ደንቡ እንደዚያ ነው። «አንድ ጊዜ እንኳ አይሆንም አትዪኝም?» ብለው ዘጉባት። ማርቪክ ምሳ ላይ ስትነግረኝ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ምክንያቱን ያን ጊዜ ብጠየቅ አላውቀውም ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት አንዲት ሴትዮ እስከ አፉ ፓስቲትሲ የሞላ ከረጢት ይዘው ቢሮአችን ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ወይዘሮ ጁዛ፣ የናርዱ ባለቤት ናቸው።

«ልጄ፣ መልሳችሁ ውሰዱልኝ» አሉኝ።

«ራውተሩን ነው?»

«ባሌን።»

ወንበር ሳብኩላቸው። ለካ የማዶው ኩባንያ አልጋፈጥ ሲል፣ ናርዱ ጸባቸውን ቤት አስገብተውታል። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም።

«ጠዋት ሻይ ሳቀርብለት፣ ‹ጁዛ፣ እኔ ለቅቄያለሁ› ይለኛል። አርባ አንድ ዓመት የኖርን ሰዎች ነን፤ ከየት አምጥቼ ልጨምርለት? የመጀመሪያው ሳምንት አንድ እንቁላል ጨመርኩ። በሁለተኛው፣ የበዓል ምግባችንን ጥንቸል በአዘቦት ቀን ሠራሁለት። በአምስተኛው ግን አንገሸገሸኝና ‹እሺ፣ ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«አወረደዋ። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። እንዳይሄድ መሄጃ የለውም። እንዳይመልሰው ዊስቲን አይቶታል። ከሻንጣው ጎን ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ይውላል። ትናንት የሚበላውን እዚያው በር ላይ አቀረብኩለት።» መሀረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። «እንዳይብስበት ፈራሁ። ግትር ነው፤ አንድ ቀን እውነት አስመስሎ ይወጣና መመለስ ያፍራል።»

«እርስዎ ቢለምኗቸውስ?»

«እኔማ እሺ ብያለሁ። ያልኩትን አላጥፍም፤ እኔም የቦርምላ ልጅ ነኝ» አሉኝ።

ወደ ክሌይተን ገባሁ። ከናርዱ ወዲህ ከዚያ መንገድ አሥራ አንድ ቤት እንደለቀቀን ነገርኩት። ሰንጠረዡን አየ፤ እኔን አየ፤ ፓስቲትሲውን አየ። «ሂጂ» አለኝ አንዱን አንስቶ።

እሑድ እኩለ ቀን ሄድኩ፤ ከቅዳሴ መልስ በረንዳው ሁሉ ሰው የሚሞላበት ሰዓት ነው። ናርዱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻንጣው በስተቀኛቸው ቆሟል። ኮፍያቸውን ደፍተው አላየሁሽም አሉ።

«አቶ ናርዱ፣ አጥፍተናል። ይመለሱልን» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«አጥፍተናል!» አልኩ ጮክ ብዬ። ከላይ መስኮቶች ሲከፈቱ ተሰማኝ።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«የድሮውን ውል፣ በድሮው ዋጋ።»

«ለዚች ነው የሰው ሰንበት የምታውኪው? ግማሹን ቀንሺ።»

«ኧረ ቀንሺላቸው፣ አንቺ የጥንቸሎቹ!» አለ ዊስቲን ከበረንዳው። ማን እንደጠየቀው እንጃ።

ናርዱን አየኋቸው። ክስት ብለዋል። እንኳን ግማሹን፣ ሙሉውን ብቀንስ ክሌይተን ያን ቀን አይቆጣኝም ነበር። «አይሆንም» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«አይሆንም። አምስት ዩሮ እቀንሳለሁ፤ ከዚያ በላይ ብንሞትም አይሆንም።»

«ስምንት!»

«አምስት።»

«ሰባት፣ ሃያውም ቻናል ይመለስ!»

«ስድስት፣ በአሥራ ሁለት ቻናል። እምቢ ካሉ እሄዳለሁ።»

እዚያ መንገድ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተሞላለጭን። ስለ ጀልባውም ተነሳ፤ ስለ ሟች አያቴ ነፍስም ተነሳ። በስድስት ዩሮ ተኩል ላይ ስንቆም በረንዳው አጨበጨበ። ናርዱ ኮፍያቸውን አቃንተው ዙሪያውን አዩና ወደ ውስጥ ተጣሩ። «ጁዛ! ይቺን ሻንጣ አንሺልኝ እባክሽ፤ ለእንግዳ መግቢያ ዘጋች።»

ወይዘሮ ጁዛ ወጥተው ሻንጣውን አነሱ። ዓይኔን አላዩም፤ ቢያዩኝ ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ሲያነሱት እንዴት እንደቀለላቸው አየሁ። ባዶውን ነበር።

ወጥ ቤት ገብተን ውሉን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሌላ ወረቀት አብሮ ወጣና ናርዱ ፊት ወደቀ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ማርቪክ የሰጠችኝ የቅጥር ውል ነው፤ የማዶው ኩባንያ ሊወስደኝ ነበር፤ ማታ ልፈርምበት ይዤው ነበር። ያለ ናርዱ ሰኞው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኝ፣ ከፍ ያለ ደሞዝ ይሻላል ብዬ ነው።

«አንቺም ልትለቂ ነው?» አሉኝ። በረንዳው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ዝቅ ያለ ድምፅ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር።

«ሳይሆን አይቀርም፣ አቶ ናርዱ።»

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ይዝታሉ ብዬ ጠበቅኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ።

«እኔ እንኳ የምጨምርልሽ ነገር የለኝም» አሉ። «ግን አትሂጂ።»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳይዝቱ የጠየቁኝ ይህንን ብቻ ነው። እወዳቸው እንደነበር ያኔ አወቅኩ። የማርቪክን ወረቀት አጣጥፌ ለወይዘሮ ጁዛ ሰጠኋቸው፤ ትኩሱን የፓስቲትሲ ሳህን አሳረፉበት። እኔም ቀረሁ።