ክብርት «እኔ እያለሁ» አፓርታማ ገቡ

እናት እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች፤ «አንቺ ራስሽ እንግዳ ሁኚ» ሲሏት ግን የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋታል። ሰርግ ቢጠሯት ጓዳ ትገባለች፤ ሐኪም ቤት ብትተኛ የጎረቤት አልጋ አንሶላ ታስተካክላለች።

የዚህ ወገን አውራ ክብርት «እኔ እያለሁ» ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ነርሷ ልጃቸው ናት። አንድ ሰው ዕቃ ሊያነሳ ጎንበስ ካለ «እኔ እያለሁ?» ይላሉ፤ ሰውየው አፍሮ ተመልሶ ይቀመጣል።

ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ሲወጡ ሐኪሙ ነገሩን አላለሳለሰም። «እናቴ፣ ካላረፉ ጉልበትዎ ዳግም ይቀደዳል። ያን ጊዜ በእግርዎ መሄድዎንም እንጃ።»

ነርሷ ደነገጠች። ራሷ ቤት ብትወስዳቸው በማግስቱ ጓዳውን እንደሚወርሱት ስለምታውቅ ሆቴል አስገባቻቸው። ክብርትነታቸው በነጋታው አልጋቸውን አነጠፉ፣ የሆቴሉን ፎጣ አጥበው መስኮት ላይ አሰጡ፣ ቁርስ ይዞ የመጣውን አስተናጋጅ ደግሞ ወንበር ስበው አስቀመጡና አካፈሉት። «ሰው ቆሞ እያየኝ እህል አይወርድልኝም» አሉ። ከሰዓት በኋላ ሻንጣቸውን አንስተው ሊወጡ የሆቴሉ በር ላይ ተገኙ።

ስለዚህ ከነዕቃው የሚከራይ፣ ጠዋት ጠዋት ጽዳት የሚመጣበት አፓርታማ ተፈለገ። ሳሎንና ምድጃ ስላለው ቤት ነው፤ የሚያጸዳ ሰው ስላለው ደግሞ ሆቴል ነው።

«እማዬ፣ እዚህ ያንቺ ሥራ መቀመጥ ብቻ ነው።»

«እሺ የኔ ልጅ» አሉ። ቶሎ እሺ ሲሉ መጠርጠር ነበረባት።

በማግስቱ የጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ ወለሉ ተወልውሏል፣ ገላ መታጠቢያው ተፈትጓል፣ መጋረጃው ሳይቀር ተራግፏል። ያውም በአንድ እግር!

«ሰው ቤቴን ቆሽሾ ይየው?» አሉ ልጃቸው መጥታ ስትቆጣቸው።

«ቤትሽ አይደለም እኮ!»

«ታዲያ የሰው ቤት ላቆሽሽ?»

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ ሕመምተኛ በአንድ ቃል የምታስተኛ ነርስ እዚህ ሰሚ አጣች። መወልወያውን ደበቀችባቸው፤ በፎጣ ወለወሉ። መጥረጊያውን ቆለፈችባቸው፤ ከጎረቤት ተውሰው፣ ለውለታው የጎረቤቱን ደጃፍም ጠረጉለት። ጉልበታቸው አብጦ ስታየው እንባዋ መጣ።

«ይሄ? ይሄማ መቀመጥ ያመጣው ነው» አሏት።

አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«እማማ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልንገርዎት። አለቃዬ ‹እዚህ ክፍል ምንም ሥራ የለሽም፣ ሌላውም እንዲህ ከሆነ አንቺን ምን ያደርግልናል› እያለኝ ነው። እርስዎ በሠሩ ቁጥር እኔ ልባረር ነው።»

ክብርትነታቸው ክው አሉ። «በሞትኩት! የሰው እንጀራ ስዘጋ ነው የከረምኩት?»

በነጋታው ነርሷ በሩን ስትከፍት ያየችውን አላመነችም። አልጋው አልተነጠፈም። ጠረጴዛው ላይ ያልታጠበ ኩባያ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ስኳር ተበትኗል። እናቷ ሶፋው ላይ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ኩባያው ላይ አፍጥጠዋል። ግንባራቸውን አልቧቸዋል።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ደህና ነኝ። ያቺ ልጅ እስክትመጣ ነው።»

ነርሷ ኩባያውን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ መታ አደረጓት።

«የሰው ሥራ አትንኪ!»

ሳቅም እንባም እኩል መጣባት። ሐኪም ቢያስፈራራቸው፣ ልጅ ብታለቅስባቸው ለራሳቸው ጉልበት ያልተቀመጡ ሴት፣ ለማያውቋት ልጅ እንጀራ ሲሉ እንዲህ ተጨንቀው እያረፉ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እናቷን እንዲህ ቁጭ ብለው አይታቸው አታውቅም፤ የዚያን ዕለት የወደደቻቸውን ያህልም ወዳቸው አታውቅም። አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ኩባያው እንዳይታያቸው ፊታቸውን ቀስ አድርጋ ወደ መስኮቱ አዞረችላቸው፣ በሩ እስኪንኳኳ ድረስም እጃቸውን ይዛ ቆየች።