ክቡርነታቸውና ሰማያዊው ሳህን

በዚህ ዓለም ላይ ምግብ ቤት የተባለ ሁሉ ምግብ የሚመልስ አንድ ሰውዬ አለው። ከሌለው ገና አልተከፈተም ማለት ነው።

የእኛው ሰውዬ "ክቡርነታቸው" ይባላሉ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ድሮ ትኬት የሌለውን ከአውቶቡስ ያወርዱ ነበር፣ አሁን ሾርባ ከጠረጴዛ ያወርዳሉ።

ገብተው በሩ አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ በመሀረብ ይወለውላሉ። እኔ አሁን የወለወልኳትን! ሾርባው ይቀርባል። አንድ ማንኪያ ፉት ይሉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"ልጄ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ይሄ ቀዝቅዟል። ይመለስ።"

እንፋሎቱ መነጽራቸውን ሸፍኖታል እኮ! እያዩኝ ይሁን አይሁን እንጃ።

ማጀት ስገባ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት አክስቴ ዞር ብላ እንኳ አታየኝም። "ሳህን ቀይርና ውሰድላቸው!"

ያንኑ ሾርባ ከነጩ ሳህን ወደ ሰማያዊው እገለብጠዋለሁ። እንደውም በዚያ መሃል ትንሽ ይበርዳል። ይቀምሳሉ።

"አሃ! አሁን ገና ሾርባ ሆነ!"

ይሄኔ ከየጠረጴዛው "ለእኛም!" ይላል ሰው። እሳቸው ሳይቀበሉ የሚያዝ የለም። እኔ አንገቴን አስግጌ "ይመለስ" እያልኩ ሳስመስላቸው አክስቴ በሳቅ ታለቅሳለች። "ተው አንተ! ገበያችን ናቸው!"

ከዚያ ፊት ለፊታችን መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ተከፈተ። ደንበኛው ግልብጥ ብሎ ተሻገረ። "ክቡርነታቸው እስካሉ አለን" አለች አክስቴ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እሳቸውም ተሻገሩ።

በመስኮት ተጋፍተን አየናቸው። አስተናጋጁ ክራቫት አስሯል! ሾርባውን መለሱ። ተመልሶ መጣላቸው። ቀመሱና ጭጭ አሉ። እሳቸው! ጭጭ!

አክስቴ ሽርጧን ፈታች። "ወደዱት። በቃ፣ አለቀልን። ቤቱን ለአከራዩ አስረክባለሁ።"

በማግስቱ ልንዘጋ ወንበር ስንሰበስብ በሩ ተከፈተ። መሀረብ ወጣ። ጠረጴዛዋ ተወለወለች።

"ልጄ፣ ሾርባ።" አንደበታቸው ኮልተፍ ብሏል።

አቀረብኩ።

"ይሄ ቀዝቅዟል። ይመለስ።"

ሳህኑን ይዤ ልሮጥ ስል ክንዴን ያዙና ጠጋ አሉኝ። "አደራህን፣ እንደነዚያ እንዳታሞቁት። ይመለስ ብላቸው የምር አሞቁት እኮ! ምላሴ ተላጠ። ሰማያዊው ሳህን ይበቃኛል።"

"ያውቁ ነበር እንዴ?"

"ትኬት የሌለውን ከፊቱ የምለይ ሰውዬ፣ ሳህን ይጠፋኛል?"

ማጀት ገብቼ ንግግራቸውን እንዳለ ላስመስልላት አፌን ስከፍት፣ አክስቴ በእጇ አስቆመችኝ። ከማጀቱ በር ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሽርጧን መልሳ እያሰረች፣ "ምን ይገትርሃል? ገልብጥ!" አለችኝ።

ቀመሱ። "አሃ! አሁን ገና ሾርባ ሆነ!"

በሩ ላይ ገባ ወጣ እያሉ ሲያመነቱ የነበሩ ሁለት ሹፌሮች ወንበር ሳቡ። "ለእኛም!"

ሰማያዊውን ሳህን አሁን እኔ ነኝ የማጥበው። ሌላ ሰው ቢሰብርብኝ ምን እንደምሆን እንጃ።