የጋሽ መርሻ ኮት

ዘንድሮ ፎቶ የማያነሳ ማን አለ? የእኔ ስልክ እንኳ በየሳምንቱ «ሞላሁ» ይለኛል። ከፍቼ ሳይ የአጎቴ በሬ ከአራት አቅጣጫ ተነስቶ አገኘዋለሁ። ድሮ ግን ፊልም የሚባል ነገር ነበር፤ ፊልም ደግሞ ያልቃል፤ ስለዚህ ሰው ከማንሳቱ በፊት ያስብ ነበር። በሬም አይነሳም ነበር።

በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ወር ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳስተምር፣ የናዚን የማጎሪያ ካምፖች ነፃ ያወጡ ወታደሮች ካሜራ ይዘው፣ የሞተውንም አጥንቱ የቀረውንም ምንም ሳይሸፍኑ እንዳነሱ ነገርኋቸው። «ለምን?» አለች አንዲት ተማሪ። «ነገ አልሆነም የሚል ስለሚመጣ» አልኋት። መልሴ ደስ አለኝ። መምህር መልሱ ደስ ሲለው ማቆም አለበት፤ እኔ አላቆምሁም።

ከኪሴ የእናቴን ፎቶ አወጣሁ። እናቴ የስማዳ ሴት ነበረች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አባቴ ለቀን ሥራ መተማ ሲወርድ፣ እሷ ቅጠል እየቀቀለች እንደከረመች ነግራኛለች። አሁን በሕይወት የለችም፤ ለዚያ ረሃብ ያለችኝ ምስክር በዚያው ዓመት የተነሳችው ይህች አንዲት ፎቶ ናት። ፎቶዋ ክፍሉን ዞረች። ለካ እናቴ ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ደረቷን ነፍታ ቆማለች፤ እኔ ዓይኔ ለምዶት ልብ ብዬው አላውቅም።

«ቲቸር፣ ሙሽራ ነበሩ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ። እናቴ ሞታ ውሸታም ተባለች።

ከክፍል እንደወጣሁ መጽሐፌን ይዤ ፎቶውን ወዳነሱት ወደ ጋሽ መርሻ ሄድሁ። አርጅተዋል፤ ፎቶ ቤታቸው ግን ዛሬም የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል። ፎቶ ሊነሳ ሄዶ የእሳቸውን ኮት ተውሶ ያልለበሰ የእስቴ ሰው የለም። ገበሬው፣ ዲያቆኑ፣ ከሳሹም ተከሳሹም በአንድ ኮት ተነስቷል። ወታደሮቹ ያነሱትን ከመጽሐፉ ገልጬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ብዙ አዩ።

«አለመሸፈናቸው ደግ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ያደረገ ሰው መካዱ አይቀርም።»

«ታዲያ እርስዎ እናቴን ለምን ሸፈኑብኝ?»

«እነዚህ ለዳኛ ነው ያነሱት። እኔ ለአባትህ ነው። ፎቶውን መተማ ልትልክለት ነበር። ‹እንዲህ ሆኜ ካየኝ ሥራውን ጥሎ ባዶ እጁን ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም አለቅን› አለችኝ። ኮቱ ሰፋት። ከኋላ ሰብስቤ በስድስት መርፌ ቁልፍ ያዝሁላት።»

አባቴ ፎቶውን አይቶ ሥራው ላይ ቆየ፤ በኋላም እህል በአህያ ጭኖ ተመለሰ። እኔ የተወለድሁት ከዚያ ወዲህ ነው። በውሸት ፎቶ የተገኘሁ የታሪክ መምህር ነኝ ማለት ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? በማግስቱ ስለ ስድስቱ መርፌ ቁልፍ ለተማሪዎቼ ነገርሁ። ያ የሳቀው ልጅ ፎቶዋን ድጋሚ ጠየቀኝ። ትከሻዋን አየ፣ ከእጅጌው የወጣውን የከሳ የእጅ አንጓዋን አየ፣ ከዚያ ተነስቶ በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ትናንት እኔም ለመታወቂያ ልነሳ ሄድሁ። ያው ኮት፣ ክርኑ ተጥፎ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ለበስሁት። ጋሽ መርሻ እንደ ልማዳቸው መርፌ ቁልፍ ሊያወጡ መሳቢያ ሳቡ፤ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው ዘጉት። የእናቴ ኮት እኔ ላይ አልቆለፍ ብሏል።