ዶቃ ስለሆኑት ቃለ ጉባኤዎችና ስለ ወይዘሮ ጫልቱ ቤት

«በሳጥን ተቆልፈው የኖሩትን የ1972፣ የ1973 እና የ1974 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤዎች እስከ ዛሬ አንድም ሰው ሲያነባቸው ስላልታየ፣ ወረቀታቸውም ጥሩ ስለሆነ፣ ለዶቃ ሥራ እንዲውሉ ፈቅጃለሁ።»

ከላይ ያለው የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ጓድ ከበበው መስከረም 20 ቀን 1975 ዓ.ም. ለሴቶች የዕደ ጥበብ ቡድን ከጻፉት ማስታወሻ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። ቃለ ጉባኤዎቹን የጻፈው፣ ሳጥኑንም የቆለፈውና በሕመም ፈቃድ ሲወጣ ቁልፉን ለሊቀመንበሩ አምኖ ያስረከበው የዛሬው ጸሐፊ ነው።

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.
ቦታ፦ መካኒሳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው የቀበሌ አዳራሽ
የተገኙ፦ ጓድ ከበበው (ሊቀመንበር)፣ ጓድ ሙሴ (የቅስቀሳ ኃላፊ)፣ ጓዲት ገዲሴ (የዕደ ጥበብ ቡድን መሪ)፣ ላቀው ገብረ መድኅን (ጸሐፊ)
ባለጉዳይ፦ ወይዘሮ ጫልቱ፣ የቀበሌው ነዋሪ
ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አራቱ ሲገኙ ይሟላል። ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ፣ ጓድ ሙሴ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሲደርሱ ተሟልቷል። ስለ መዘግየታቸው ሲጠየቁ ስለ ሰዓት አክባሪነት ንግግር ሲያዘጋጁ እንደነበር አስረድተዋል።

ተራ ቁጥር 1፦ ወረቀቱ እንዴት ዶቃ እንደሆነ

ጓዲት ገዲሴ ሲያስረዱ፣ ቡድኑ በመጀመሪያ ጋዜጣ መሞከሩን፣ ጋዜጣ ግን ሙጫ ሲነካው እንደሚልፈሰፈስ፣ የጸሐፊው ወረቀት ግን «እንደ ባለቤቱ ደረቅ» በመሆኑ ለሥራው እንደተመቸ ገለጹ። ጸሐፊው ይህ አባባል በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠይቆ ሰፍሯል።

አሠራሩም ተብራርቷል። ገጹ አንድ ጫፋቸው ሰፊ፣ አንድ ጫፋቸው ሹል ወደሆኑ ቀጫጭን ቁራጮች ይቆረጣል። ከሰፊው ጫፍ ተጀምሮ በወስፌ ላይ ይጠቀለላል። ሹሉ ጫፍ በሙጫ ይለጠፍና ቫርኒሽ ይቀባል። ከአንድ ገጽ ሃያ አራት ዶቃ ይወጣል። ማኅተም ያረፈበት ገጽ ሐምራዊ ዶቃ ስለሚሰጥ ከሁሉም የሚወደደው እሱ ነው።

ጓድ ሙሴ፣ ወደፊት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ስድስት ስድስት ማኅተም እንዲመታ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው ተቃወመ። ከረጅም ውይይት በኋላ አራት አራት እንዲመታ በሦስት ድምፅ ተወሰነ።

ተራ ቁጥር 2፦ የወይዘሮ ጫልቱ ቤት

ሊቀመንበሩ፣ ቅዳሜ ዶቃዎቹን የሚጎበኙ እንግዶች ከበላይ እንደሚመጡ፣ ለማሳያም አስፋልት ዳር ያለ ክፍል እንደሚያስፈልግ፣ አስፋልት ዳር ያለውም ክፍል ወይዘሮ ጫልቱ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት እንደሆነ ገለጹ። ስለዚህ ባለጉዳይዋ እስከ ሐሙስ ቤቱን እንዲለቁ ሐሳብ አቀረቡ።

ወይዘሮ ጫልቱ፣ ባለቤታቸው ሲሞቱ ይኸው ኮሚቴ በታኅሣሥ 1974 ቤቱን በስማቸው እንዳዞረላቸው አስታወሱ።

ሊቀመንበሩ ወረቀት እንዲያሳዩ ጠየቋቸው።

«ወረቀቱማ እናንተ ጋ ነው፤ እኔ ጋ ያሉት ልጆቹ ናቸው» ሲሉ መለሱ።

ጓዲት ገዲሴ ጥቂት ካሰቡ በኋላ የታኅሣሥ ወር ወረቀት በአራተኛው ክር ላይ እንዳለ ተናገሩ። ክሩ ቀረበ። ጓድ ሙሴ መነጽራቸውን አጥልቀው ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ሲያነቡ «ልቱ»፣ «ዞር»፣ «ስት ድም» የሚሉ ቃላት ቁራጮችን አገኙ። ሊቀመንበሩ ይህ ማስረጃ እንዳልሆነ ተናገሩ። ጓዲት ገዲሴ፣ ከውጭ የሚታየው የሹሉ ጫፍ ብቻ እንደሆነ፣ ዋናው ጽሑፍ እምብርቱ ውስጥ እንደተጠቀለለ አስረዱ።

ወይዘሮ ጫልቱ፦ «እትዬ ገዲሴ፣ እኔ ቤት ውስጥ ነበር የምኖረው። አሁን ቤቴን ክር ላይ ሰክታችሁ አሳያችሁኝ?»

ጓዲት ገዲሴ፦ «አላወቅኩም እኮ እህቴ! ብጫቂ ወረቀት መሰለኝ እንጂ።»

ጸሐፊው «ብጫቂ» የሚለው ቃል እንዲነሣ ጠይቆ በድምፅ ብልጫ ተሸንፏል።

በጓድ ሙሴ ሐሳብ፣ ቫርኒሽ ያልተቀቡ ሁለት ዶቃዎች ይፈቱ ዘንድ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ተነከሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጥሚት መስለዋል። ጓድ ሙሴ እንግዲያውስ ወይዘሮ ጫልቱ ክሩን አንገታቸው ላይ አስረው እንደ ሰነድ እንዲይዙት ሐሳብ አቀረቡ። ባለጉዳይዋ «ዝናብ ሲመታኝስ ከቤት ልውጣ?» ብለው ጠየቁ። ሐሳቡ ደጋፊ አላገኘም።

በመጨረሻም ሊቀመንበሩ፣ «ወረቀቱ የሌለ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉት ጓዲት ገዲሴ ዶቃዎቹን እያዩ ነበር። ወይዘሮ ጫልቱ እስከ ሐሙስ እንዲለቁ ተወሰነ። ባለጉዳይዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

ተራ ቁጥር 3፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ አለ። ጓድ ከበበው ሊቀመንበር ሆነው የተመረጡበት የሐምሌ 1973 ቃለ ጉባኤ የት እንዳለ ጓዲት ገዲሴን ጠየቀ።

ጓዲት ገዲሴ፦ «እሱማ ሦስት ገጽ ነበር። ሰባ ሁለት ዶቃ ወጣው። ማኅተሙ ብዙ ስለሆነ ሲያምር!»

ጸሐፊው፣ አሁን በጸደቀው ውሳኔ መሠረት ምርጫው እንዳልተካሄደ፣ ጓድ ከበበውም ሊቀመንበር እንዳልሆኑ፣ ሊቀመንበር ያልሆነ ሰው የጠራው ስብሰባም ስብሰባ እንዳልሆነ ገልጾ፣ የሚቃወም ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ።

ጓድ ከበበው ከመቀመጫቸው ተነሥተው፦ «ምን ማለትህ ነው አንተ? በዚሁ አዳራሽ እጅ ወጥቶ ነው የተመረጥኩት! ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል!»

ወይዘሮ ጫልቱ፦ «የኔንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ጓድ።»

ጓድ ሙሴ ውኃ ጠማኝ ብለው ብርጭቆውን ካነሡ በኋላ መልሰው አስቀመጡት።

ተራ ቁጥር 4፦ ማጠቃለያ

ጓድ ከበበው ራሳቸው ባቀረቡት ሐሳብ፣ በዛሬው ስብሰባ በተራ ቁጥር 1 እና 2 የተወሰነው በሙሉ እንዲሻር፣ ከዚህ በፊት የተወሰነው ሁሉ ግን ወረቀቱ ኖረም አልኖረ እንዲጸና በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እጃቸውን መጀመሪያ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ጫልቱ አባል ባይሆኑም እጃቸውን አውጥተዋል፤ አልተቆጠረም፤ እጅዎን ያውርዱ ያላቸውም የለም።

ስብሰባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ አብቅቷል።

ይህ ውሳኔ በዚህ ወረቀት ላይ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ፣ ጸሐፊው ለወረቀቱ ዕድሜ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ጓድ ከበበው ቤቱ የወይዘሮ ጫልቱ መሆኑን በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ፈርመውና ማኅተም አሳርፈው፣ እስከ አርብ ጥቅምት 26 ቀን 1975 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መልሳቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡ በጥብቅ ተጠይቀዋል። የቃል መልስ ተቀባይነት የለውም። ደብዳቤው ለወይዘሮ ጫልቱ በእጃቸው ይሰጥ እንጂ በማኅደር አይቀመጥ።

ላቀው ገብረ መድኅን
ጸሐፊ