ቄስ ተገኘ ከክህነት የወረዱበት ዓመት

ገበሬ ሲደክመው በሬውን ፈትቶ ጥላ ሥር ጋደም ይላል። ነጋዴም ሲሰለቸው አህያውን ሸጦ ይገላገላል። ቄስ ሲደክመው ግን የት ይሄዳል? አስባችሁበት ታውቃላችሁ? እኛም አላሰብንበትም። ቄስ የሚደክመው አይመስለንም ነበር።

በጃንሆይ ዘመን፣ ስማዳ ቆላ ውስጥ ባለች አጥቢያችን ሁለት ቄሶች ነበሩን። አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ የወባ ንዳድ ገባና ሰዉን ያጭደው ጀመር። አንደኛው ቄስ «ልጆቼን ላትርፍ» ብለው ወደ እስቴ ደጋ ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ቅዳሴ በአንድ ቄስ አይሆንምና ቆመ። ቀብር ግን አይቆምም። ጎረቤቴም የንስሐ አባቴም የሆኑት ቄስ ተገኘ ከአንዱ መቃብር ወደ ሌላው ሲሉ፣ እህል ሳይቀምሱ ይመሻል። አንድ ቀን ፍትሐት ላይ እንደቆሙ እንቅልፍ ሲጥላቸው በክንዴ ደግፌያቸዋለሁ። በመጨረሻ ንዳዱ ሚስታቸውን ከሚጠባ ልጇ ነጠቃት። ሌላ ቄስ የለም፤ ራሳቸው ፈትተው ቀበሯት።

ለቄስ ሁለተኛ ሚስት እንደማይፈቀድ ታውቃላችሁ። የቤተ ክርስቲያናችን አስተዳዳሪ ገበዙ መጣና፣

«ይመንኩሱ አባ፤ ክህነትዎ አይፍረስ» አላቸው።

«ልጁስ?»

«እግዜር ያሳድገዋል።»

«እስኪያሳድገው ማን ያጠባዋል?»

ቄስ ተገኘ ሳይውሉ ሳያድሩ፣ ንዳዱ ባሏንም ሕፃኗንም የወሰደባትን፣ ጡቷ ገና ያልደረቀ ጎረቤታችንን አገቡ። አገሩ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እያለ ተረተባቸው። ክህነታቸው ፈረሰ፤ በአገልግሎታቸው ያገኙት የሰሞን መሬት ተነጠቀ፤ «እርስዎ» ይላቸው የነበረው ሁሉ «አንተ» አላቸው። በምትካቸው ከጋይንት የመጣው ቄስ ክረምቱን ሳይጨርስ ሄደ። ተከታዩ ደግሞ የንዳዱን ወሬ ሰምቶ ከመንገድ ተመለሰ። ቄስ አልባ ሆነን አረፍነው!

ንዳዱ በዓመቱ ሲመለስ የገበዙን ልጅ ገደለ። ገበዙ እያለቀሰ ከቄስ ተገኘ ደጅ ላይ ወደቀ።

«ልጄን ይፍቱልኝ አባ!»

«ክህነት የለኝም» አሉት። ዶማቸውን አንሥተው ግን ወጡ። «መቃብሩን እቆፍርልሃለሁ።»

ልጁ ያለ ፍትሐት ተቀበረ፤ ሰዉም «ጨካኝ!» እያለ ተበተነ። እኔ ግን አብሬያቸው ስቆፍር ነበር። ድምፃቸው አይሰማም እንጂ፣ ዶማው በወረደ ቁጥር ከንፈራቸው ፍትሐቱን ይደግም ነበር። ክህነቱ የፈረሰ ፍትሐት መድገም አይፈቀድለትምና ለገበዙ አልነገርኩትም። ቢሰማስ፣ ከእንግዲህ ከምን ሊሽራቸው?