ሱዳን ትደርሳለች የተባለችው ጀልባ

ጀልባ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ውኃ አጠገብ መሆኑን ማየት አለበት ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። እኔ ግን አላየሁም። ጎንደር ነበርኩ። ጎንደር ደግሞ ክረምት ላይ ውኃው ሁሉ ቁልቁል ጥሎህ ይሄዳል፣ በጋ ላይ ባልዲ ይዘህ ቦኖ ላይ ትሰለፋለህ። ጣና ያለው ወዲያ ጎርጎራ ነው። በአዘዞ ወርደህ፣ ኮላ ድባን አልፈህ፣ የደምቢያን አቧራ እስኪበቃህ ቅመህ ነው የምትደርሰው።

ለዚህም መላ ነበረኝ። ጀልባዬ ጎማ ነበራት። ማለቴ፣ ሊኖራት ነበር።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። የሥዕልና የእጅ ሥራ መምህር ነበርኩ። ሥዕሉን አስተምር ነበር፤ እጅ ሥራውን እንኳ ተወው። አንድ ፈረንጅ መምህር አገሩ ሲገባ ክምር መጽሔት ጥሎ ሄደ። ተማሪዎች ደብተር ሲለብዱበት እኔ አንዱን አዳንኩ። ውስጡ አንዲት ትንሽ ጀልባ አለች። ጎጆ አላት፤ ውስጧ መኝታ፣ ምድጃ፣ ሸራዋን የሚሸከም የሚታጠፍ ምሰሶ። ይህች ሁሉ ነገሯ የተሟላ ጀልባ ሁለት ጎማ ያለው ተሳቢ ላይ ተጭና በአንዲት ትንሽ ማኪና ትጎተታለች። ማኪናው ውስጥ ሰውየው፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቻቸው ጥርሳቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። የተራራ መንገድ ላይ ናቸው፤ የአንዳቸውም ፀጉር አልተበተነም።

እኔም ትንሽ ማኪና ነበረችኝ። ሚስትና ሁለት ልጆችም ነበሩኝ። ተራራ እንደሆነ የጎንደር ሰው አይቸግረውም። የጎደለችኝ ጀልባዋ ብቻ ናት። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን በነፋስ የሚሄድ ነገር ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ነፋስን እስካሁን ማንም በኩፖን አላደለውም።

እንጨት አልገዛሁም። ሚስማርም አልገዛሁም። አንድ ነገር ግን ገዛሁ፤ ኖራ። ግቢዬ መሀል የጀልባዋን ቅርጽ ልክ በልኳ በኖራ አሰመርኩ። አፍንጫዋ ወደ በሩ፣ ጅራቷ ወደ ጓሮው። በመግቢያዋ በኩል መስመሩን ክፍት ተውኩላት። ከዚያ በርጩማ አምጥቼ ውስጧ ተቀመጥኩ። ወዳጄ፣ የዚያን ቀን የተሰማኝን ደስታ የሠርጌ ቀንም አላገኘሁትም። ይህን ለአዛለች፣ ለሚስቴ፣ እንዳትነግርብኝ።

ሰፈሩ ግን አልሳቀም። ጎንደሬ እኮ የተሰመረ ነገር ያከብራል። ጎረቤታችን አያ ተገኘ ከጭልጋ ወርደው ከተማ የገቡ ሽማግሌ ነበሩ። መጡና ኖራው ጫፍ ላይ ቆመው፣ ግድግዳም በርም ሳይኖር፣ “ቤቶች” ብለው ተጣሩ።

“ይግቡ አያ ተገኘ” አልኳቸው።

በተውኩት ክፍት በኩል ጎንበስ ብለው ገቡ። ምን እንዳይነካቸው እንዳጎነበሱ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቁጭ አሉና ዙሪያውን አይተው፣ “ሸጋ ነው፤ ነፋሻ ነው” አሉ።

ጉዱ የመጣው እሑድ ነው። እኔ፣ አዛለች፣ ልጆቹና አያ ተገኘ ጀልባችን ውስጥ ተቀምጠን የሐሳባችንን ጣና ስንቀዝፍ የነፍስ አባታችን አባ ወልዴ ከቅዳሴ መልስ ብቅ አሉ። ሁላችንም “ኖር” ብለን ብድግ። አባም “በእግዜር፣ በእግዜር” እያሉ ገቡ። ያን ጊዜ መጽሔቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ምክር ትዝ አለኝ። ትንሽ ጀልባ ውስጥ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ እንዳትነሱ፣ ትገለበጣላችሁ ይላል። ፈረንጅ ምን ቸገረው? ጳጳስ ቢመጣበትም ተቀምጦ እጁን ያወዛውዛል። እኛስ?

“ሰጠምን” አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስረዳኋቸው። አያ ተገኘ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ “ተቀምጬ አባን ከምቀበልስ ቆሜ ብሰጥም ይሻለኛል” አሉ። አባ ወልዴ ደግሞ፣ “ኧረ እኔ እዚሁ ይበቃኛል” ብለው ጅራቷ ላይ ሊቀመጡ። እሳቸው ከታች ከሆኑ ማን ከላይ ይሆናል? አያ ተገኘ ከእሳቸው በታች ወረዱ። አዛለች ከአያ ተገኘ በታች። እኔ የቤቱ ጌታ ነኝና ከሁሉም በታች። በደቂቃ ውስጥ ሰው ሁሉ ጅራቷ ላይ ተከማችቶ አፍንጫዋ ባዶውን ቀረ። እውነተኛ ውኃ ላይ ብንሆን ኖሮ በትሕትና ብቻ ቁልቁል ወርደን ነበር።

ስለዚህ ሰፋ አደረግኋት። ምን ላድርግ? ሰውን ከወግ ከማላቀቅ ኖራ መጨመር ይቀላል። በግራ አንድ ክንድ፣ በቀኝ አንድ ክንድ ጨመርኩ። ሰፊ ስትሆን ደግሞ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ “ግቡ እንጂ” ማለት መጣ። “ግቡ” ካልክ ይገባሉ። ከገቡ ይነሣሉ። ከተነሡ ትገለበጣለች። እንደገና አሰፋሁ። አዛለችም የራሷን ጨመረች። የጾሙና የፍስኩ ድስት አንድ ላይ አይቀመጥም ብላ ሁለት ማድቤት አስሰመረችኝ። አባ ለጸሎት የሚሆን ገለል ያለ ጥግ ጠየቁ። አያ ተገኘ ለበቅሏቸው ጠየቁ። እምቢ ልበል? ለበቅሎዋም አሰመርኩ።

ወሩ ሲያልቅ የፈረንጁ ጀልባ ሦስት ብትሆን የእኔዋ ውስጥ ታድራለች። ተሳቢው አራት ጎማ ሆነ፤ ከዚያ ስምንት። ማኪናዬ ትጎትታት ዘንድ ከመጠበቅ ማኪናዬን ራሷን እላይዋ መጫን ይቀል ነበር። እኔ ግን መቀነስ አላውቅም። በየሄድኩበት ወሬዋ ወሬዬ ነው። ማዕበል ብትል አትፈራም፣ ጉማሬ ብትል አትነቃነቅም እያልኩ አወራለሁ።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። መች ሳይደርስ ይቀራል? አንድ ጠዋት ሊቀ መንበራችን ጠመንጃ ከያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋር መጣ። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አብዮቱ ከስፌት መኪናው አንሥቶ ሊቀ መንበር አደረገው። ኖራውን በዓይኑ ለካና፣ “ጓድ መምህር፣ ያለ ፈቃድ ምን ቤት ነው የምትሠራው?” አለኝ።

እዚህ ላይ “አጥፍቻለሁ” ብዬ ኖራውን ብጠርግ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ቤት? ጀልባዬን ቤት?

“ጀልባ ናት” አልኩት።

“ጀልባ።”

“ጀልባ።”

“ይህን ሁሉ ሕዝብ ጭና ወዴት?”

“ውኃ እስካለ ድረስ።”

ከጥበቃዎቹ አንዱ ጂኦግራፊ የተማረ ኖሮ፣ ከጣና ዓባይ ይወጣል፣ ዓባይ ደግሞ ሱዳን ይገባል ብሎ በጆሮው ነገረው። ሊቀ መንበሩ ቀና አለ። “ሱዳን ትደርሳለች?” ሲል ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ “ሊኮበልል ነበር” የተባለ ሰው ዕጣው ምን እንደነበር አንተም ሰምተሃል። የተወሰደ ሁሉ አይመለስም። ማለት ያለብኝ አንዲት ቃል ናት፤ “አትደርስም” ማለት ብቻ። ወር ሙሉ ስሟን ያነሣሁላትን ጀልባ በአንድ ቃል ላዋርዳት? ምላሴ እምቢ አለ።

“ምን ያግዳታል?” አልኩ።

“ጢስ ዓባይስ? ፏፏቴውስ?” አለ ጂኦግራፊ የተማረው።

“እሱማ ቀላል ነው” አልኩት፤ አፌ ሮጦ ቀደመኝ። “ፏፏቴው አጠገብ ስትደርስ ከውኃው ታወጣታለህ፤ ተሳቢዋ ላይ ትጭናታለህ፤ በየብስ ታዞራትና ከፏፏቴው በታች መልሰህ ትለቃታለህ። ተሳቢው የተሠራው ለምን ሆነና?”

ጥበቃዎቹ ተያዩ። አዛለች ከበሩ ላይ አፏን በእጇ ያዘች። እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ቀርቤ እንድጠየቅ፣ እስከዚያ ከሰፈር እንዳልወጣ ታዘዝኩ። ስብሰባው ጥፋተኛ ካለኝ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ እተላለፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አይጠይቅም።

ሳምንቱን አዛለች ስታስጠናኝ ከረመች። ድንች እየላጠች፣ “በል፣ ‘ጀልባዬ አትንሳፈፍም’ በል” ትለኛለች።

“ጀልባዬ…” እላለሁ።

“እሺ፣ ጀልባህ?”

“ጀልባዬ እንደ ነፋሱ ናት።”

ድንቹን ታስቀምጣለች። “አንተ ሰው፣ ሁለት ልጅ ይዤ ልቅርልህ? አትንሳፈፍም በል።” እኔ እኮ እምቢ ብዬ አይደለም። “አት” ድረስ ደርሼ እዚያ ላይ ይይዘኛል።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔን ለማየት የመጣውን ያህል ሕዝብ ለመፈክር መጥቶ አያውቅም። ሊቀ መንበሩ አስነሥቶ፣ “ጓድ መምህር፣ የምትሠራው ጀልባ ሱዳን ይደርሳል ወይስ አይደርስም?” አለኝ።

“ጀልባዬ…” አልኩ። ቆምኩ።

ይህን ጊዜ አያ ተገኘ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። “እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ የማውቀውን ልናገር” አሉ። “ይህ ልጅ አምና የዶሮ ቤት ሠራ። ሸለምጥማጡ ገብቶ ዶሮዎቹን ሲበላቸው፣ በየት ገባ ብለን ብናይ በፈለገው በኩል ነው። በበሩ የማትገባው ዶሮዋ ብቻ ናት።”

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የዶሮ ቤቱ እኮ አየር እንዲያገኝ ተብሎ ነው።

አባ ወልዴ ቀጠሉ። “እውነት ለመናገር ለቤተ ክርስቲያናችን አትሮኖስ ሠርቶ ሰጥቶን ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው። ወንጌል ስናነብ ከነመጽሐፉ ተኛ። አሁን መጽሐፉን ዲያቆን በራሱ ይሸከማል፤ አትሮኖሱን ዕቃ ቤት አስደግፈነዋል፤ ለብቻው አይቆምም።”

ከዚያ የምወዳት ሚስቴ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። “አልጋ ሠርቶልኝ ነበር” አለች፣ “መሬት ላይ ነው የምንተኛው። በርም ሠርቶልኛል። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ራሱ ይከፈታል፤ እንግዳ መጣ ብዬ እየተነሣሁ ደከመኝ። ጓዶች፣ ይህ ሰው እንኳን ሱዳን፣ ጀልባ ሠርቶ ከግቢያችን ካወጣ እኔን እሰሩኝ።”

አዳራሹ በሳቅ ተናጠ። ነፍሴን እያዳኑልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ሳስበው ጉልበታቸውን ስሜ የማልጠግባቸው ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ ስሜ በአደባባይ ሲፈርስ። ብድግ አልኩና፣ “ጓድ ሊቀ መንበር፣ የመናገር መብት ይሰጠኝ” አልኩ። “አትሮኖሱ የወደቀው ወለሉ ጠማማ ስለሆነ ነው። አልጋውም ቢሆን የተሠራው ለአንድ ሰው ነበር። ጀልባዋ ግን…”

አዛለች ኮቴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። ስፌቱ ተተረተረ።

ሊቀ መንበሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ውሳኔውን ለድምፅ አቀረበ። “ጓድ መምህር በሠራው ጀልባ ሱዳን ቀርቶ ጎርጎራም ሊደርስ እንደማይችል የሚስማማ እጁን ያውጣ።” የእጅ ጫካ በቀለ። አዛለች ሁለት እጇን አወጣች። “የሚቃወም?” ሲል የእኔ ቀኝ እጅ ራሷን ችላ ሽቅብ ጀመረች። አዛለች በአየር ላይ ይዛ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻት። ሕዝቡ ፍቅር መስሎት አጨበጨበ።

እንዲህ ሆኜ በሙያ ማነስ ነጻ ወጣሁ። ይግባኝ የት እንደሚባል ባውቅ እጠይቅ ነበር።

ስብሰባው እንደተበተነ ሊቀ መንበሩ ኖራው መጠረጉን አያለሁ ብሎ ብቻውን ተከተለኝ። አዛለች መጥረጊያ ፍለጋ ጓሮ ገባች። እሱ መስመሩ ላይ ቆሞ ወደ በሩ አየ፣ መለስ ብሎ እኔን አየ። ድምፁ ሲወርድ የዚያን ሊቀ መንበር ድምፅ አልመስል አለኝ።

“መምህር፣ ያ ስለ ፏፏቴው ያልከው… ማዞሩ… እውነት ይሆናል?”

አዛለች እንዳትሰማ ወደ ጓሮው ዞር ብዬ አየሁ።

“እኛ ስድስት ነን” አለ። “ዕቃ ብዙ የለንም።”

አስበው እንግዲህ። በዚያ ከተማ ሙሉ፣ ከሚስቴ ከንስሐ አባቴ አልፎ፣ በጀልባዬ ያመነ አንድ ሰው ተገኘ። ልብ ብዬ ዓይኑን አየሁት። ሊያጠምደኝ አልነበረም። ዓይኑ ውስጥ ስድስቱም ተሳፍረው ነበር፤ ትንሹ ልጁ ሳይቀር። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺ የታነቀችብኝ ቃል ወጣችልኝ።

“አትንሳፈፍም” አልኩት። “ጣና ጠርዝ ላይ ገና ስትነካው ትሰጥማለች። ልጆችህን እንዳታስገባባት።”

ፊቱ ጠቆረ። በጫማው ጫፍ የጀልባዬን አፍንጫ ቀስ ብሎ አጠፋው። ከዚያ የሊቀ መንበርነቱ ድምፅ ተመለሰና፣ “ታዲያ ምነው ሰፈር ሙሉ በውሸት ታስቸግራለህ?” ብሎ ጮኸብኝ። ሰውን በማደናገር ጥፋት የቀበሌውን አጥር ድንጋይ እንድሸከም ፈረደብኝ።

ሸክሙን አልጠላሁትም። የገረመኝ ሌላ ነው። የጉማሬውን፣ የማዕበሉን፣ የስምንቱን ጎማ ወሬ ሳወራ የቀጣኝ አልነበረም። የተፈረደብኝ ሕይወቴን ሙሉ አንድ ጊዜ እውነት በተናገርኩበት ቀን ነው።