ከብቱን የተጠየቀው ሮቦት

ሻይ ካዘዛችሁ ይህን ጨዋታ አሁን አትጀምሩት፤ ይቀዘቅዝባችኋል። ሻዩን የሚክስ ሆኖ ካላገኛችሁት ነገሌ ስትመጡ ሌላ እጋብዛችኋለሁ።

ሰው ሕንፃ ከተሠራ አለቀ ብሎ ያስባል። አላለቀም። ማስረዳት ስለምወድ ትንሽ ታገሡኝ፦ ሕንፃ እንደ ከብት ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ውሃ ይፈልጋል፣ የተቃጠለው አምፖል ይቀየርለታል፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይጠገንለታል፣ ደረጃው በየቀኑ ይወለወላል። ይህ ከተተወ ባለ አራት ፎቁም ቢሆን ድርቅ እንደመታው በሬ አጥንቱ ገጥጦ ይታያል። እዚህ ነገሌ ያለውን የሐጂ አብዲን ሕንፃ ከዚህ ያተረፉት የጽዳት ሠራተኛዋ አዴ ጡሜ ናቸው፤ ገና ሳይመረቅ ጀምሮ መወልወያቸውን ይዘው እዚያው አሉ።

ታዲያ በቅርቡ የሐጂ የወንድም ልጅ ከዱባይ ሮቦት ላከላቸው። ያ ወለል ለወለል የሚሽከረከረው ድስት መሳይ መጥረጊያ እንዳይመስላችሁ። ራስ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር ያለው፣ ደረጃ የሚወጣ፣ መወልወያ የሚጨምቅ ነው። «ማን ያስነሳው?» ሲባል እኔ ተጠራሁ። ስለ ሮቦት ያላየሁት ቪዲዮ የለም፤ ስልኬ ይመስክር።

ሐጂ ዙሪያውን ዞረው ካዩት በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ። «እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ደረጃውን በሙሉ ከጨረሰ፣ ጡሜ ከነገ ጀምሮ ቤቷ ትረፍ።» ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስንብትን ዕረፍት ብለው የሚጠሩ ጨዋ ናቸው። አዴ ጡሜ ባልዲያቸውን አንሥተው ወደ መጸዳጃ ቤቶቹ ሄዱ። የዚያ ቀን ድርሻቸው እሱ ነበር፤ ደረጃው የሮቦቱ።

አሁን የእኔን ብልሃት ላስረዳችሁ። ሮቦቱ ሰው ከፊቱ ከቆመ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ገፍትሮ እንዳይጥል ከፋብሪካው ሲወጣ የተሰጠው ሕግ ነው። ይህን አልነካሁትም። እኔ የጨመርኩለት ጨዋነት ነው። በእኛ ከተማ ሰላምታ ሳይመልስ የሚያልፍ ፍጡር፣ ብረትም ቢሆን፣ ስሙ ይጠፋል። ስለዚህ የኦሮምኛ ሰላምታ አስተማርኩት፦ የተጠየቀውን ሁሉ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ በተራው ይጠይቃል። የዝናብ ወሬ ከፈለጉ ደግሞ ኢንተርኔት አይቶ ይናገራል። ኮራሁ።

ገና የታችኛውን ደረጃ እየወለወለ ሳለ ኦቦ ጃርሶ፣ የከብት ደላላው፣ ገቡ። ንግግራቸውን በአማርኛ ላምጣላችሁ።

«አካም?» አሉት፤ እንዴት ነህ ማለት ነው።

«ናጋ። እርስዎስ?»

«ናጋ። ቤት? ልጆች?»

«ናጋ። የእርስዎስ ልጆች?»

«ናጋ። ከብቱስ?»

«ናጋ። የእርስዎስ ከብት?»

ሮቦት ከብት የለውም። ኦቦ ጃርሶ ግን ይህን ለማጣራት ጨዋነታቸው አልፈቀደላቸውም። ግመሎቹን፣ ፍየሎቹን፣ የኤላውን፣ የጉድጓዱን፣ ውሃ ጠየቁ፤ ሁሉም ሰላም ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ «ዝናብስ?» ሲሉት «ፊልቱ በኩል ደመና አለ» አላቸው።

አበቃ። ኦቦ ጃርሶ ወጥተው ገበያ ያለ ጓደኛቸውን ሁሉ ጠሩ።

የሚመጣው ሁሉ ከ«አካም» ይጀምራል፤ ሮቦቱም ለእያንዳንዱ ቆሞ ይመልሳል። ሰላምታ መጀመር እንጂ መጨረስ አላስተማርኩትማ። የዙህር አዛን ሲሰማ ደረጃው ላይ ከወለወለው ይልቅ ሰው ይዞት የገባው አቧራ ይበልጥ ነበር።

አዴ ጡሜ ሥራቸውን ጨርሰው ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። ሐጂ መጡ።

«ጡሜ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ሰላምታ ነዋ፣ ሐጂ።» በአገጫቸው ወደ ሮቦቱ ጠቆሙ። «እኔን የገረመኝ፣ እሱ ላም የለውም። እኔ አለችኝ። ይሄን ደረጃ ይሄን ሁሉ ዘመን ስወለውል ‹ላሟስ› ያለኝ ሰው ግን የለም። ‹ናጋ› ይሉኛል፣ እርጥቡን ይረግጡታል፣ ያልፋሉ።»

ኦቦ ጃርሶ ጫማቸውን አዩ። እኔም የራሴን አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ሮቦቱ በሩ አጠገብ እንዲቆም ተወሰነ። አምፖል ይቀይራል፣ ታንከሩን ወጥቶ ያያል፣ በቀረው ጊዜ ዝናብ ይናገራል። ደረጃው ወደ አዴ ጡሜ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ደረጃው ሥር ቆሙ። «ጡሜ፣ ላሚቱስ?» አሉ።

አዴ ጡሜ መወልወያቸውን ግድግዳ አስደገፉ። ላሚቱ ወልዳለች። ጥጃዋ እንስት ናት። አወላለዱ ግን ቀላል አልነበረም፤ ጎረቤት ተጠርቶ ነበር፤ ጎረቤቷ ደግሞ ራሷ ያን ሰሞን አሟት... የሐጂ ስልክ ጮኸ፤ በኪሳቸው አፈኑት። የዚያን ቀንም ደረጃው የተወለወለው ከዙህር በኋላ ነው። የሚቆጣ ግን አልነበረም፤ ሥራ ያስፈቱት ባለ ሕንፃው ራሳቸው ናቸዋ።

እናንተም ነገ ሞክሩት። የምትሠሩበትን ሕንፃ ደረጃ ለሚወለውሉት ሴት «ደህና አደሩ» ካላችሁ በኋላ እግራችሁን አታንሡ፤ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ላም ባይኖራቸው ልጅ አላቸው፣ ወይም የሚቆረጥማቸው ጉልበት። ቸኩለናል አትበሉ፤ ወለሉ እንደሆነ እስኪደርቅ መቆማችሁ አይቀርም።